ለተናኝ ኬሚካሎች የትኛው አክቲቬትድ ካርቦን ይሻላል? የምርጫና የንጽጽር መመሪያ

የአየር ማጽጃ ወይም የመተንፈሻ ጭንብል ማጣሪያ ለመግዛት የተነሣ ሰው በማሸጊያው ላይ «አክቲቬትድ ካርቦን አለው» የሚል ጽሑፍ ማየቱ አይቀርም። ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት ግራም የካርቦን ዱቄት የተረጨበት ስስ ጨርቅም ሆነ አምስት ኪሎ ካርቦን የታጨቀበት ሣጥን ያንኑ ጽሑፍ ይዘው ለገበያ ይቀርባሉ። ከዚያም የኮኮናት ቅርፊት፣ የድንጋይ ከሰል፣ እንክብል፣ በኬሚካል የተነከረ፣ ዚዮላይት የሚሉ ስሞች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ሻጭም ለራሱ ዕቃ የሚያመቸውን ቁጥር መዝዞ ያሳያል። ይህ መመሪያ አንዱን የንግድ ምልክት ከሌላው አያበላልጥም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ አማራጮቹንም በእነዚያው ይመዝናል። ጸሐፊው ግን አንድ አቋም አለው፤ አብዛኛው ገዢ የሚጎዳው የካርቦኑን ዓይነት ስለሳተ ሳይሆን፣ ያስቸገረው ጋዝ ምን እንደሆነ ሳይለይና የካርቦኑን ክብደት ሳይጠይቅ ስለሚገዛ ነው።

ካርቦኑ ጋዙን የሚይዘው እንዴት ነው?

ከቀለም፣ ከማጣበቂያ፣ ከቫርኒሽ፣ ከጽዳት ፈሳሾች፣ እንዲሁም ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ከሚባሉት በማጣበቂያ ከተጨመቁ የእንጨት ጣውላዎች የሚወጡት ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች ጋዞች ናቸው። አቧራንና የጭስ ቅንጣትን በሚገባ የሚያስቀረው ሄፓ ማጣሪያ እነዚህን ሞለኪዩሎች ሊያቆማቸው አይችልም፤ በቃጫዎቹ መካከል ሾልከው ያልፋሉ። ካርቦን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አክቲቬትድ ካርቦን የሚዘጋጀው ካርቦን የበዛበት ጥሬ ዕቃ አየር በሌለበት ከከሰለ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለእንፋሎት ሲጋለጥ ነው። እንፋሎቱ ከሰሉን ከውስጥ እየበላ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይከፍትበታል። በዚህ የተነሣ የአንድ ግራም ካርቦን የውስጥ ገጽ ስፋት እንደ ጥራቱ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቀዳዳዎቹ በስፋታቸው በሦስት ይከፈላሉ፦ ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) በታች የሆኑት ማይክሮ፣ ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ያሉት ሜሶ፣ ከ50 በላይ የሆኑት ደግሞ ማክሮ ይባላሉ። ማክሮዎቹ መግቢያ፣ ሜሶዎቹ መተላለፊያ ናቸው፤ ጋዝን የመያዙ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በማይክሮዎቹ ውስጥ ነው።

ማይክሮዎቹ ብርቱ የሆኑበት ምክንያት የመሳብ ኃይሉ በጣም አጭር ርቀት ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ከቀለምና ከማጣበቂያ የሚተነውና ስፋቱ ወደ 0.6 ናኖሜትር የሚጠጋ የቶሉይን ሞለኪዩል በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የሚስበው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከራሱ እምብዛም በማይሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ግን ግራና ቀኝ ያሉት ግድግዳዎች በአንድነት ይስቡትና ከገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ መያዝ አድሶርፕሽን ይባላል። ሞለኪዩሉ ከካርቦኑ ጋር በኬሚካል አይዋሐድም፤ ሲያዝ ጥቂት ሙቀት ይለቃል፣ ካርቦኑ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ይላቀቃል። ስለዚህ ካርቦን ጋዙን ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከዚህ በታች የሚነሡት አብዛኞቹ ጥንቃቄዎችም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ መመዘኛ የጋዙ ማንነት ነው። በግርድፉ ሲታይ፣ አንድ ውህድ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ባለና ሞለኪዩሉ በከበደ መጠን ካርቦን አጥብቆ ይይዘዋል። በ110.6 ዲግሪ የሚፈላው ቶሉይን፣ በ140 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ዛይሊን፣ እንዲሁም በጽዳት ፈሳሾች ሽታ ውስጥ የሚገኘውና በ176 ዲግሪ የሚፈላው ሊሞኒን በቀላሉ ይያዛሉ። በ56 ዲግሪ የሚፈላው አሴቶን ይያዛል፤ ግን ቶሎ ይለቀቃል። ከኤምዲኤፍ ዕቃዎች የሚወጣውና ከዜሮ በታች በ19 ዲግሪ የሚፈላው ፎርማልዴሃይድ ደግሞ በተራ ካርቦን ላይ ብዙም አይቆይም። የአውሮፓ የጭንብል ማጣሪያ ደረጃ ይህንኑ ልዩነት መሠረት ያደረገ ነው፤ ከ65 ዲግሪ በላይ ለሚፈሉ ኦርጋኒክ ጋዞች «ኤ» የሚባለውን፣ በ65 ዲግሪና ከዚያ በታች ለሚፈሉት ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን «ኤኤክስ» የሚባለውን ይመድባል። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሚቴንን በተመለከተ ግን ተራ ካርቦን ላይ ምንም ተስፋ መጣል አይገባም። በተለይ የመጀመሪያው ገዳይ ስለሆነ ይህን ማስታወስ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የካርቦኑ ክብደት ነው። እዚህ ላይ በስሌት ማየት ይረዳል። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ አየር የሚስብ ማጽጃ አለ እንበል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለማቋረጥ ከሚተን ቀለም የተነሣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 0.2 ሚሊግራም ቶሉይን ይኑር። ካርቦኑ ሁሉንም ይይዛል ብንል በሰዓት 40 ሚሊግራም፣ በቀን ደግሞ አንድ ግራም ገደማ ይሰበስባል። ካርቦን በጋዝ በታፈነ አየር ውስጥ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን ቶሉይን ሊይዝ ይችላል፤ ጋዙ ስስ በሆነበት የመኖሪያ ክፍል አየር ውስጥ ግን አቅሙ በእጅጉ ዝቅ ስለሚል ለዚህ ስሌት 5 ከመቶ እንውሰድ። በዚህ ሒሳብ 50 ግራም ካርቦን ያለው ስስ ማጣሪያ 2.5 ግራም ይዞ በሦስተኛው ቀን ይሞላል፤ 5 ኪሎ ያለው ግን 250 ግራም ስለሚይዝ ከስምንት ወር በላይ ይቆያል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የመቶ እጥፍ ልዩነቱ ግን ከካርቦኑ ክብደት የመጣ ነው። የኮኮናትና የድንጋይ ከሰል ካርቦን ልዩነት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ከክብደቱ ጋር የሚሄደው አየሩ በካርቦኑ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ውስጥ በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ አየር 0.1 ሰከንድ ያገኛል፤ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ስስ ንጣፍ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚጓዝ አየር ግን የዚያን አንድ ሃያኛ ብቻ ያገኛል። ሞለኪዩሉ ከአየሩ ወደ ቅንጣቱ፣ ከመግቢያው ቀዳዳ ወደ ማይክሮው ለመድረስ ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ ንጣፉ ገና ሳይሞላ ጋዙ በማዶ መውጣት ሊጀምር ይችላል።

ሦስተኛው እርጥበትና ሙቀት ነው። አንጻራዊ እርጥበት ከ50 እና 60 ከመቶ ሲያልፍ የውሃ ተን በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተጠራቀመ ቦታ ይሻማል፤ ጉዳቱ የሚበረታውም ጋዙ ስስ ሲሆን ነው። ሙቀት ሲጨምርም የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከሞቀ ማሽን አጠገብ የተተከለ ማጣሪያ ሌሊት የያዘውን ቀን መልሶ የሚለቅበት ጊዜ አለ።

ስለ ቁጥሮችም አንድ ነገር መባል አለበት። ሻጮች አዘውትረው የሚጠቅሱት የአዮዲን ቁጥር በፈሳሽ ውስጥ የሚለካ በመሆኑ በይበልጥ የሚጠቅመው ለውሃ ማጣሪያ ነው። ለጋዝ መጠየቅ ያለበት የቡቴን ወይም የካርቦን ቴትራክሎራይድ መለኪያ ነው። ጥሩ የሚባል የጋዝ ካርቦን በካርቦን ቴትራክሎራይድ ሲለካ የክብደቱን 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ይህም በቡቴን ሲለካ ከ23 እስከ 24 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ያላስተዋለ ገዢ 24ን ከ60 ጋር አወዳድሮ እኩል የሆነውን ዕቃ ሊንቅ ይችላል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን።* ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው ማይክሮ ናቸው፤ ቅንጣቱ ጠንካራ ነው፤ አመዱም ጥቂት ነው። በክፍል አየር ውስጥ ላሉ ስስ ጋዞች የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጋዝ ሲሳሳ አጥብቀው የሚይዙት ጠባቦቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ጥንካሬውም ጥቅም አለው፤ በጉዞና በንዝረት ብዙም ስለማይፈጭ ጥቁር ዱቄት ወደ ክፍሉ አይነፋም። አንድ እፍኝ በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ቀስ አድርጎ ማሸት ስለዚህ ጉዳይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ጨርቁ በትንሹ መጥቆሩ አይቀርም፣ ቅንጣቱ በጣት መካከል የሚፈረፈር ከሆነ ግን መተው ይሻላል። ውሃ ውስጥ ሲጨመር መንሾክሾኩና አረፋ ማውጣቱ በሻጮች ዘንድ እንደ ጥራት ማረጋገጫ ሲታይ ይስተዋላል፤ የሚያሳየው ግን ቀዳዳዎቹ አየር እንደነበራቸው ብቻ ነው።

*የድንጋይ ከሰል ካርቦን።* ማይክሮውንም ሜሶውንም አደባልቆ የያዘ ነው። በፋብሪካዎች ሲመረጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሞላላ እንክብል መልክ ነው፤ እንክብሉ ወጥ ስለሆነ በመካከሉ ለአየር በቂ መተላለፊያ ይተዋል፣ ፋኑንም አያስጨንቅም። የጋዙ መጠን ከፍ ባለበት የቀለም መርጫ ክፍል ወይም የማተሚያ ቤት ሰፋ ያሉት ቀዳዳዎች ጋዙን ፈጥነው ስለሚያሳልፉት ይህ ካርቦን ከኮኮናቱ አያንስም። አመዱ በርከት ይላል፤ ለአየር ሥራ ግን ይህ ብዙውን ጊዜ ችግር አይሆንም።

*የእንጨት ካርቦን።* ሰፋፊ ቀዳዳዎች የበዙበትና ቀላል ስለሆነ አንድ ሣጥን ሙሉው የሚመዝነው ከኮኮናቱ ግማሽ ገደማ ነው። ከፈሳሽ ውስጥ ቀለምን ለማንሣት መልካም ሲሆን፣ ለክፍል አየር ግን አይመከርም።

*በኬሚካል የተነከረ ካርቦንና የፐርማንጋኔት እንክብል።* ችግሩ ፎርማልዴሃይድ ከሆነ ውይይቱ ወደዚህ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመሪያ ለክፍል አየር ያስቀመጠው ወሰን በ30 ደቂቃ አማካይ በሜትር ኩብ 0.1 ሚሊግራም ነው፤ አዳዲስ የኤምዲኤፍ ዕቃዎች የበዙበት ጠባብ ክፍል ይህን ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ተራ ካርቦን ይህን ጋዝ የሚይዝበት የመሳብ ኃይል ደካማ ስለሆነ፣ መፍትሔው ጋዙን በኬሚካል አዋሕዶ መለወጥ ነው። አንደኛው መንገድ አሚን በሚባሉ ውህዶች የተነከረ ካርቦን ሲሆን፣ ሁለተኛው በፖታሲየም ፐርማንጋኔት የተነከረ የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እንክብል ነው። ሁለተኛው ለገዢው አንድ ምቾት አለው፤ አዲስ ሳለ ሐምራዊ የሆነው እንክብል ሥራውን እየጨረሰ ሲሄድ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ጥቂቱን ለሁለት ሰንጥቆ ማየትም ምን ያህል እንደቀረው ያሳያል። ተራው ካርቦን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። በሌላ በኩል መንከሪያው ኬሚካል ከቀዳዳዎቹ የተወሰነውን ስለሚዘጋ፣ የተነከረ ካርቦን ለቶሉይንና ለመሰሎቹ ያለው አቅም ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ጋዝ ባለበት ቦታ ተራ ካርቦንና የፐርማንጋኔት እንክብል የተቀላቀሉበት ማጣሪያ ይሻላል። ፐርማንጋኔት ሳይኖረው በምትኩ ያልተነከረ ተራ ካርቦን ብቻ የተሞላበት «ለፎርማልዴሃይድ» የሚባል ማጣሪያ ከቀረበም መግዛት አይገባም።

*ካርቦን የተረጨበት ስስ ጨርቅና ስፖንጅ።* ርካሽ ነው፤ ከአየር ማጽጃዎች ጋር አብሮ የሚመጣውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ከላይ ያለው ስሌት ስለሚያጋልጠው ብዙ አያነጋግርም፤ የወጥ ቤትን አላፊ ሽታ ለአንድ ሳምንት ሊያለዝብ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ቃጫ የተሸመነው ጨርቅ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ በቃጫው ገጽ ላይ በቀጥታ ስለሚከፈቱ ጋዝን እጅግ ፈጥኖ ይይዛል፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ለጭንብልና ለመከላከያ ልብስ ይመቻል።

*ያለ ፋን የሚቀመጥ የከሰል ከረጢት።* አየር በውስጡ የሚያሳልፍ ነገር ስለሌለ የሚይዘው ራሱ ወደ ከረጢቱ የደረሰውን ጋዝ ብቻ ነው። ለጫማ ሣጥንና ለቁም ሣጥን ይሆናል፤ ለመኝታ ክፍል አይበቃም። በየወሩ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያድሰዋል መባሉም እውነት የለውም። ፀሐይ ውሃውንና ጥቂት ቀላል ጋዞችን ያስለቅቃል፤ የከበዱትን ለማስወጣትና ካርቦኑን መልሶ ለማንቃት ግን 800 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ እቶን ያስፈልጋል።

*ዚዮላይት።* ይህ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። ሲሊካ የበዛበት ሰው ሠራሽ ዚዮላይት ውሃን ስለማይወድ በእርጥብ አየርም ኦርጋኒክ ጋዝ ይይዛል፤ እሳትም አይነካውም፤ ስለዚህ ብዙ አየር የሚያስተናግዱ ፋብሪካዎች አየሩ በሚያልፍባቸው ትልልቅ የሚዞሩ የማጣሪያ መንኮራኩሮች ላይ ያውሉታል። ከማዕድን ማውጫ የሚገኘው የተፈጥሮ ዚዮላይት ግን ውሃንና አሞንያን እንጂ ቶሉይንን ለመያዝ አይመረጥም። በችርቻሮ የሚገኘው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

*ጋዙን እናቃጥላለን የሚሉ መሣሪያዎች።* በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠሩት ፎቶካታሊቲክ ማጽጃዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ሲቀሩ ፎርማልዴሃይድን ራሱን ሊፈጥሩ ይችላሉ። ኦዞን አመንጪ መሣሪያ ደግሞ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ መዋል የለበትም፤ ኦዞን ሳንባን ይጎዳል፣ ከሊሞኒንና ከመሰሎቹ ጋር ሲገናኝም አዳዲስ ጎጂ ውህዶችን ይፈጥራል።

የንጽጽር ሰንጠረዥ

| አማራጭ | በደንብ የሚይዘው | ዋና ድክመቱ | ዋጋ | የሚስማማበት ቦታ |
|---|---|---|---|---|
| የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን | ቶሉይን፣ ዛይሊን፣ ሊሞኒን፤ ስስ ጋዝ | ፎርማልዴሃይድ፣ ከፍተኛ እርጥበት | መካከለኛ | መኖሪያ ቤት፣ ቢሮ |
| የድንጋይ ከሰል እንክብል | መጠኑ ከፍ ያለ የማሟሟያ ጋዝ | ፎርማልዴሃይድ፣ እርጥበት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ወርክሾፕ፣ ፋብሪካ |
| የእንጨት ካርቦን | ትልልቅ ሞለኪዩሎች በፈሳሽ ውስጥ | ለስስ ጋዝ ደካማ፣ ቀላል ክብደት | ይለያያል | ለአየር አይመከርም |
| የተነከረ ካርቦን ወይም ፐርማንጋኔት | ፎርማልዴሃይድ | ለሌሎች ጋዞች አቅሙ ያንሳል | ከፍተኛ | አዲስ ዕቃ የበዛበት ክፍል |
| ካርቦን የተረጨበት ጨርቅ | አላፊ ሽታ | በቀናት ውስጥ ይሞላል | ዝቅተኛ | ወጥ ቤት፣ ለጊዜው |
| የካርቦን ቃጫ ጨርቅ | በፍጥነት የሚያልፍ ጋዝ | አነስተኛ ክብደት | ከፍተኛ | ጭንብል |
| ሲሊካ የበዛበት ዚዮላይት | በእርጥብ አየር ያለ ጋዝ | በችርቻሮ እምብዛም አይገኝም | በጣም ከፍተኛ | ትልቅ ፋብሪካ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ከማንኛውም ግዢ በፊት መስኮት መክፈትና የጋዙን ምንጭ ከክፍሉ ማውጣት አለበት፤ ክዳኑ ያልገጠመ የቀለም ቆርቆሮ አልጋ ሥር ተቀምጦ ማጽጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚያ በኋላም የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ብዙ ተግባር ያለው ውድ መሣሪያ ከስስ ጨርቅ ጋር ከመግዛት ይልቅ፣ ቀላል መሣሪያ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ኪሎ ፍርፋሪ ካርቦን ከሚይዝ ሣጥን ጋር መግዛት ይመረጣል። የካርቦኑ ክብደት በማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ ሻጩን መጠየቅ፣ ሻጩም ካላወቀ ማጣሪያውን ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል።

አዲስ ቤት የገቡ፣ የልጅ ክፍል ያዘጋጁ ወይም ብዙ የኤምዲኤፍ ዕቃ ያስገቡ ሰዎች ቅልቅል ማጣሪያን ቢያስቀድሙ ይበጃል፤ ክፍሉ ሲሞቅና እርጥበቱ ሲጨምር ከእንጨቱ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ ስለሚበዛ፣ ማናፈሱም በእነዚያ ሰዓታት መጠንከር አለበት።

በቀለም መርጫና በማጣበቂያ ሥራ ላይ ላሉ ደግሞ ለክፍሉ የድንጋይ ከሰል እንክብል፣ ለሠራተኛው ለሚጠቀመው ማሟሟያ የተመደበ የጭንብል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሜቲል ኢቲል ኪቶንና ሳይክሎሄክሳኖን የመሰሉ ኪቶን የሚባሉ ማሟሟያዎች በብዛት በሚወጡበት ቦታ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። እነዚህ በካርቦኑ ገጽ ላይ ሙቀት እያመነጩ ስለሚለወጡ፣ ወፍራሙ ንጣፍ ሙቀቱን አፍኖ ሊቀጣጠል ይችላል። የሙቀት መለኪያ በንጣፉ ውስጥ ሳይተከል እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር የለበትም።

የመለወጫው ጊዜ

የካርቦን ማጣሪያ ሲሞላ አይታይም፤ መልኩ ያው ጥቁር ነው፣ አየሩም እንደ ቀድሞው ያልፋል። ማጣሪያውን አዲስ ሳለ መዝኖ በየጊዜው ማነጻጸር ይረዳል፤ በእርጥብ ወቅት ከሆነ ግን የጨመረው ክብደት በአብዛኛው ውሃ ሊሆን ስለሚችል ሚዛኑን ብቻ ማመን አይገባም። ይበልጥ አስተማማኙ ምልክት ከማጣሪያው በሚወጣው አየር ላይ ሽታ መሰማቱ ነው። ከዚያ በኋላ ማጣሪያውን ማቆየት ያለ ማጣሪያ ከመሆንም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ አጥብቆ የሚያዝ ከባድ ጋዝ ሲመጣ ቀላሉን ከቦታው እያስነሣ ወደ ክፍሉ ስለሚመልሰው፣ የተለቀቀው ጋዝ መጠን ከገባው የሚበልጥባቸው ሰዓታት ይኖራሉ።

ያገለገለ ማጣሪያ የሰበሰበውን ጋዝ ይዞ ስለሚወጣ፣ እንደ ተነቀለ በወፍራም ላስቲክ አሽጎ ከሙቀት ማራቅ፣ ከወርክሾፕ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከያዘው ማሟሟያ ጋር በአንድነት እንደ አደገኛ ቆሻሻ ማስወገድ ያስፈልጋል። መለዋወጫውም እስኪገባ ድረስ ማሸጊያው ሳይከፈት መቀመጥ አለበት፤ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የቆየ ካርቦን የክፍሉን እርጥበትና ጋዝ ያለ ፋንም ቢሆን ቀስ በቀስ እየሰበሰበ አቅሙን ይጨርሳል።